ሦስት ሚሊ ሜትር ላይ የሚፈርድ ዓይን

የሱዳኗ ገዳሪፍ ጥቁር ዋልካ አፈር በመተማና በሁመራም ይገኛል። የዋጩና የበደኖ ዛፎች በበቀሉበት በዚህ ምድር ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ የተባለች የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ርዝመቷ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ።

እሷን ከመሰሎቿ የሚለየው የነፍሳት አጥኚ ምስጋና ይገባዋል። በዘይት የተቀባ ወረቀትና የመብራት ወጥመድ የያዙለትን እያንዳንዷን ዝንብ በመስታወት ላይ ያጋድማል። ከዚያም በማይክሮስኮፕ የሴቷን ጉሮሮና የዘር ከረጢት፣ የወንዱን የመራቢያ አካል ይመረምራል። ዓይን የሚያደክም፣ ጭብጨባ የሌለው ሥራ ነው! ብዙ ጊዜ ወጥመዱን የሚሞሉት ደግሞ እንሽላሊት የሚነክሱት፣ ሰርጀንቶሚያ የተባሉት ሌሎች የአሸዋ ዝንቦች ናቸው።

ፓሮ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1936 ዝርያዋን ባይገልጽ፣ ተከታዮቹም ባይለዩዋት ኖሮ፣ ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ የሚወርደውን ሠራተኛ ከየትኛዋ ዝንብ መከላከል እንደሚገባ ማን ያውቅ ነበር?