ቀጋ በብር ላይ

የአክስቴ ልጅ ከካልጋሪ ስትመጣ ከቸኮሌቱና ከጫማው ጋር አንዲት ትንሽ ሳጥን አመጣችልኝ። ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ካፌ ተቀምጠን ከፈትኳት። ውስጧ በክብ ፕላስቲክ የታሸገች የብር ሳንቲም አለች፤ በአንድ ፊቷ ንግሥት ኤልሳቤጥ፣ በሌላው አምስት ቅጠሎቿን የዘረጋች የዱር ጽጌረዳ። የካናዳ ሮያል ሚንት የየክፍለ ግዛቱን አበባ እያለ ለሰብሳቢዎች ካወጣቸው አንዷ ናት። ጽጌረዳዋ የአልበርታ ናት፤ ክፍለ ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ1930 በሕግ ምልክቷ አድርጋታለች። «ፕላስቲኩን እንዳትከፍተው፣ ጣት ከነካት ዋጋዋ ይወርዳል» አለችኝ።

ማታ ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አደረገችና፣ «ይሄማ ቀጋ ነው» አለች።

ብዙም አልተሳሳተችም። ቀጋ የእኛው የዱር ጽጌረዳ ነው፤ በሳይንስ ስሙም ሮዛ አቢሲኒካ እየተባለ አገራችንን ይዞ ይዞራል። የአልበርታዋ ሮዝ ናት፣ የቀጋ አበባ ደግሞ ነጣ ይላል። እህትማማቾች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። እናቴ ግን ልዩነቱ አላሳሰባትም። ደጋ ያደገ ሰው ቀጋን የሚያውቀው በአበባው ሳይሆን በእሾሁና በፍሬው ነው። «ፍሬውስ የታለ?» ብላ ሳንቲሟን ገለበጠቻት። ንግሥቲቱን አገኘች።

ከዚያ ወዲህ ሳንቲሟን ደጋግሜ አይቻታለሁ። ለቀራጩ ፍትሐዊ ልሁን፤ ሥራው ንጹሕ ነው፣ ቅጠሎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ሲደራረቡ ነፋስ የነካቸው ይመስላሉ። ቀለሙ ግን አበላሽቶታል። ብር የራሱ ብርሃን አለው፤ ከፍታና ዝቅታው ብቻውን ጥላ ይሠራል። በላዩ ሮዝ ቀለም ሲያትሙበት «አበባ መሆኑን ላያውቁ ይችላሉ» ብለው የፈሩ ይመስላል። ማንን ነው የፈሩት? አልበርታ ውስጥ ያደገ ሰው ያለ ቀለም ያውቃት ነበር፤ እናቴስ እንኳ ካናዳን ሳትረግጥ አውቃታለች።

በእኛ ቋንቋ ብረቱም ብር ነው፣ ገንዘቡም ብር ነው። ይሄ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። አያቶቻችን ገንዘብ የሚሉት ጠገራውን፣ ማርትሬዛን ነበር፤ ማንም በየትኛውም ዘመን ቢያትመው 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበትን፣ 28 ግራም የሚመዝነውን። የኦስትሪያዋን እቴጌ ምስል የእኛ ነጋዴ እንዴት ያነበው እንደነበር ስሰማ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ እያየ ዕንቁውን ይቆጥር፣ የደበዘዘ ከሆነ አልቀበልም ይል ነበር። ከዚህ የበለጠ የሥነ ጥበብ ሐያሲ ከየት ይመጣል? ከዚያ ደግሞ አንጥረኛው አቅልጦ መስቀል ያደርገዋል፣ አምባር ያደርገዋል። ቦሌ ባሉ የስጦታ ዕቃ መደብሮች ዛሬም ቀለበት ተበይዶለት በክር የተንጠለጠለ ጠገራ ይሸጣል። ፊቱ ተፍቆ የእቴጌዋ አፍንጫ ጠፍቷል። የካልጋሪዋ ሳንቲም ግን እንዲህ ልታረጅ አትችልም፣ የሚነካት የለማ።

የራሳችን የብር ሳንቲም ላይስ አበባ አለ ወይ? እቴጌ ጣይቱ ከተማዋን በ1879 ዓ.ም. «አዲስ አበባ» አሉ። የዳግማዊ ምኒልክ ብር 1887 የሚል ዓመት ይዞ ፓሪስ ሲታተም ግን ዘውድ የደፋ አንበሳ ነው የወጣው። ዛሬም አንድ ብሩ ላይ አንበሳና ሚዛን ነው። ተፈጥሮ በደርግ ዘመን፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ለሰብሳቢዎች በወጡት ሳንቲሞች ገባ፤ በባለ 10 ብሩ ጢማሙ ጥንብ አንሳ፣ በባለ 25 ብሩ የደጋ አጋዘን፣ በወርቁ ባለ 600 ብር ዋልያ። ያ ተከታታይ እትም ግን የዱር አራዊት ጥበቃ ነበር። ማለትም እንስሶቹ ብርና ወርቅ ላይ የወጡት ያሳስቡናል ተብሎ ነው። አጋዘኑ አሥር ሳንቲም ላይም ነበር፤ እኛ በሱ ከረሜላ ገዝተንበታል። ያኛውን የብሩን ግን የሰፈሬ ሰው አይቶት አያውቅም።

ለዚህ ነው «ዐደይ አበባ በብር ሳንቲም ይውጣልን» የሚሉ ወዳጆቼ ጋር የማልስማማው። አንደኛ፣ ዐደይ ያለ ቢጫው ምንም ነው፤ ወይ ቀለም መቀባት ሊኖር ነው፣ ያንን ደግሞ አይተነዋል። ሁለተኛ፣ የማን አበባ ተብሎ? ካናዳ ለየክፍለ ግዛቱ በሕግ አካፍላለች። እኛ ባንዲራና ዓርማ ላይ ስንጨቃጨቅ የኖርን ሰዎች አበባ ብንከፋፈል ምን እንደምንሆን አስቡት። ዐደይን ምልክት ያደረገው መስከረም ነው፣ ለሁሉም ባንድ ጊዜ ይመጣል።

ዋናው ግን ሦስተኛው ነው። ልጅ ሳለሁ ገርጂ ከቤታችን ጀርባ ባለው ሜዳ ለእንቁጣጣሽ ዐደይ የምንለቅመው በነፃ ነበር። አሁን ሜዳው ፎቅ ነው፤ ሰሚትና አያትም እንዲሁ። ልጆቹ እቅፉን ከሩቅ ከመጣ ሻጭ፣ አስፋልት ዳር ይገዙታል። ዝርያው አልጠፋም፤ ደጋው ሁሉ በመስከረም ቢጫ ነው። ከእኛ ሰፈር ነው የጠፋው። ብር ላይ ቢወጣ የሚወጣው እንደ ዋልያው ነው የሚል ፍርሃት አለኝ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እናቴ ፕላስቲኩን ከፍታው አገኘኋት። ጽጌረዳዋን በአውራ ጣቷ እየዳበሰች፣ «እሾሁ አይሰማም» አለችኝ። ብሩ ላይ የጣቷ አሻራ ቀርቷል። ለአክስቴ ልጅ ገና አልነገርኳትም።