«ሞተሩን ብቻ»

የእህቴ ልጅ የተማረው ኤሌክትሪክ ነው። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ «ጋሼ፣ የሠራሁትን መጥተው ይዩልኝ» ብሎ ወደ አንድ የሥዕል ዐውደ ርእይ ወሰደኝ። ግድግዳው ላይ 24 ሰፌዶች ተሰቅለዋል። ሰው ሲጠጋቸው ቀስ እያሉ ፊታቸውን ወደሱ ያዞራሉ፤ ሲርቅ ይመለሳሉ። ከጎን የተለጠፈችውን ወረቀት አነበብኩ፦ የሠዓሊው ስም፣ ርእስ፣ «ሰፌድ፣ ሽቦ፣ ሞተር»። የልጁ ስም የለም።

«አንተ የታለህ?» አልኩት።

«እኔማ ሞተሩን ብቻ ነው የሠራሁት።»

ይቺ «ብቻ» አልዋጥልህ አለችኝ።

ማታ ቤት ገብቼ የዳንኤል ሮዚንን «የእንጨት መስታወት» እንደገና በፊልም አየሁት (በአካል አላየሁትም)። ሰውየው ይህን ሥራ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። 830 አራት ማእዘን የእንጨት ቁራጮች፣ ከየቁራጩ ኋላ አንድ አንድ ሰርቮ ሞተር፣ አንዲት ካሜራ፣ አንድ ኮምፒዩተር። ፊቱ ሲቆሙ እንጨቱ የእርስዎን ምስል ያወጣል። ቀለም የለ፣ አምፖል የለ! ቁራጩ ቀና ሲል ከላይ የሚወርደውን ብርሃን ተቀብሎ ይፈካል፣ ሲያጎነብስ ይጨልማል፤ በቃ ይኸው ነው።

ሰርቮ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ሞተር አይደለም። «እዚህ ላይ ቁም» ሲባል ይሄዳል፤ የት እንደደረሰ በውስጡ ያለው መለኪያ ይነግረዋል፤ ከታዘዘው ቦታ ጋር አስተያይቶ ስሕተቱን ያርማል። 830 ጊዜ ይህ ሲሆን ይታያችሁ! ድምፁ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ነው። ለእኔ የሥራው ግማሽ ውበት እሱ ድምፅ ነው። ደካማ ጎኑን ልናገር ካላችሁ፣ መስታወት ነውና ተመልካቹን ከራሱ በቀር የትም አያደርሰውም። ሰፌዶቹ በዚህ ይበልጡታል።

ሮዚን ግን ፕሮግራሙን ራሱ የሚጽፍ ሰው ነውና ሥራውን «ይህ የሠዓሊው፣ ይህ የቴክኒሺያኑ» ብሎ መክፈል አይቻልም። (ሰምና ወርቅን ልጠቅስ ነው ብላችሁ አትስጉ፤ ማስተማር ካቆምኩ ወዲህ ትቼዋለሁ።) ቃላቱን አንድ ሰው ጻፈው፣ ምጣኔውን ሌላው ሠራው የሚባል ግጥም ቢመጣ፣ የምጣኔውን ባለቤት ስም ከመጽሐፉ እንፍቃለን?

ልጁን በማግስቱ ስጠይቀው ነው ነገሩ የወጣው። መጀመሪያ ሰፌዶቹ ሰው ሲገባ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቀጭ ብለው ይዞሩ ነበር። «ፖሊስ የጠሩ ይመስላሉ» አለኝ። አዘገያቸው። ቀጥሎ ዳር ዳር ያሉት ዘግይተው እንዲጀምሩ አደረገ፤ ለቅሶ ቤት ማን እንደገባ ለማየት ተራ በተራ ዘወር እንደሚሉ ሰዎች። እኔን በሩ ላይ ያቆመኝ ይኸው ነበር። ሠዓሊው ሰፌድ ማሰቡ ግሩም ነው፣ አልነፍገውም። ለቅሶ ቤቱን ግን ያመጣው ልጁ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ወረቀቷ ተስተካክላ እንደሆነ ለማየት ብቅ አልኩ። እንደነበረች ናት። ሁለት ሰፌዶች መንቀጥቀጥ ጀምረው ነበርና ልጁ ጠመንጃ መፍቻውን ይዞ ከግድግዳው ኋላ ሲወጣ አንዲት ጎብኚ አስቆመችው። «የኔ ልጅ፣ ኤሌክትሪሺያኑ አንተ ነህ? እዚያ መጸዳጃ ቤት ያለው አምፖል ጠፍቷል» አለችው።

ሄዶ ቀየረላት።