«ለመናገር የቀረች»፦ ይቅርታና ምስክርነት

እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ በቱትሲዎች ላይ ስለ ተፈጸመው የዘር ፍጅት ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል፣ የኢማኪዩሌ ኢሊባጊዛን ግለ ታሪክ ያህል ክርስቲያን አንባቢን የሚፈትን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በእንግሊዝኛ የታተመው የዚህ መጽሐፍ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ለመናገር የቀረች» ይሆናል።

ካቶሊካዊቷ ደራሲ በአንድ የፕሮቴስታንት ፓስተር ቤት፣ በጠባብ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር 91 ቀን ተደብቃለች። የመጽሐፉ ብርታት ይቅርታን ቀላል አድርጎ አለማቅረቡ ነው። መቁጠሪያ ይዛ ስትጸልይ፣ በአቡነ ዘበሰማያት ውስጥ በደለኛን ይቅር ስለ ማለት የሚናገረው ቃል ከአፏ አልወጣ ይላታል፤ ገዳዮቹ ስሟን እየጠሩ ሲፈልጓት ትሰማ ነበርና። እናቷንና ወንድሟን የገደለውን ሰው እስር ቤት ድረስ ሄዳ ይቅር የምትለው ከዚህ ትግል በኋላ ነው።

ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። ትኩረቱ በአንዲት ነፍስ ላይ በመሆኑ፣ በንያማታና በንታራማ አብያተ ክርስቲያናት የተጠለሉ ሺዎች በዚያው መገደላቸው የሚያስነሣው ጥያቄ በቂ ስፍራ አላገኘም። አብዛኞቹ ገዳዮችም ሟቾችም ክርስቲያኖች ነበሩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱና ስለ አባሎቿ ኃጢአት የእግዚአብሔርን ይቅርታ መለመናቸው ጥያቄው እንዳልተዘጋ ያሳያል።

በአማርኛ «ይቅር» ማለት ነገሩ ይተው ማለት ይመስላል። «የቀረች» የሚለው ርዕስ ግን የዚያኑ ግስ ሌላ ፊት ያሳያል፤ በሕይወት የቀረ ሰው ያየውን ይናገራል። ክርስቲያን ገዳዩን ይቅር ሊል ይችላል፤ ስለ ሟቹ ግን ዝም ሊል አይገባውም።