«አዘምን» የተባለው ትእዛዝና የደብዳቤ ቀን

ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከሽንዲ አካባቢ በልዩ ልዩ ጊዜ ከተመለከትናቸው የጽሕፈት ቤት ወረቀቶች መካከል ሁለቱ ለዚህ ሒስ ምክንያት ሆነውናል። ሁለቱም የአንድ ደብዳቤ ቅጂዎች ናቸው። የወጪ ቁጥራቸው አንድ ነው፤ ቃላቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው፤ ፈራሚያቸውም አንድ ሰው ነው። የሚለያዩት በቀናቸው ብቻ ነው። በመጀመሪያው ራስጌ 26/02/2018፣ በሁለተኛው ራስጌ ደግሞ 04/06/2018 ተጽፏል። ደብዳቤው በእርሻ ይዞታ ክርክር ላይ የተሰጠ ውሳኔ ሲሆን፣ ቅር የተሰኘው ወገን አቤት የሚልበት ጊዜ የሚቆጠረው ከደብዳቤው ቀን ጀምሮ ነበር። በሁለቱ ቀኖች መካከል 98 ቀን አለ። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ነገሩ የአንድ መሥሪያ ቤት ጥፋት አይደለምና።

ባለ ጉዳዩ መጀመሪያ የጠረጠረው ጸሐፊዋን ነበር። ጸሐፊዋ ግን ቀኑን አልነካችም። ያደረገችው ነገር ቢኖር ግልባጭ በተጠየቀች ጊዜ የተቀመጠውን ጽሑፍ ከፍታ ማተም ብቻ ነው። ቀኑን የለወጠው የጽሑፍ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ራሱ ነው፤ ይህንም ያደረገው ተበላሽቶ ሳይሆን የታዘዘውን በመፈጸም ነው። ትእዛዙም በአማርኛ ሲሰየም «አዘምን» ይባላል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የፈለግነው ይህንኑ ቃል ነው። በስልክና በኮምፕዩተር ላይ የሚገኙት የአማርኛ ትርጉሞች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እጅግ በዝተዋል። «አስገባ»፣ «ቅርጸት»፣ «ነባሪ»፣ «ራስ-ሰር»፣ «መስክ»፣ «አዘምን» የሚሉትን ቃላት ዛሬ የማያውቅ ጸሐፊ የለም ለማለት ይቻላል። አንዳንዶቹ ጥሩ ሆነው የተገኙ ናቸው። ለምሳሌ «ነባሪ» የሚለው፣ ማንም ሳይነካው በቦታው ነብሮ የሚገኘውን ምርጫ በአንድ ቃል ስለሚገልጸው ልናመሰግነው የሚገባ ነው። «ራስ-ሰር» ግን ጆሮን ይጎረብጣል፤ «ሠራ» ከሚለው ግሥ የወጣ ከሆነም በንጉሡ ሠ መጻፍ በተገባው ነበር። የገጠሩ ሰው ማንም ሳይዘራው በማሳ ውስጥ የሚበቅለውን «ወፍ ዘራሽ» ይለዋል፤ እንዲህ ያለ ሕያው ጥምር ቃል ያለው ቋንቋ «ራስ-ሰር» በሚለው መርካቱ ያስገርማል። እርግጥ ነው፣ «ወፍ ዘራሽ ቀን» ይባል ብለን ሐሳብ አናቀርብም፤ ምንም እንኳ በደብዳቤው ላይ የበቀለው ቀን በትክክል እንዲያ ያለ ቢሆንም።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። «አዘመነ» የሚለው ግሥ ከ«ዘመነ» የመጣ ሲሆን፣ በዛሬው አነጋገር አንድን ነገር ዘመናዊ አደረገ፣ ከጊዜው ጋር አስማማ ማለት ነው። አሠራር ይዘምናል፤ እርሻ ይዘምናል፤ ፕሮግራሙም ራሱ በአዲስ እትም ሲተካ ዘመነ ቢባል ስሕተት የለበትም። ቀን ግን አይዘምንም። አንድ ሰው «ቀኑን በራስ-ሰር አዘምን» የሚል ጽሑፍና በአጠገቡ ምልክት የሚደረግባት ትንሽ ሣጥን ቢያይ ምን ይረዳል? ቢያንስ ሦስት ነገር ሊረዳ ይችላል። ቀኑ በአዲስ አጻጻፍ ይጻፍ ማለት ይመስለዋል፤ ወይም ከአንዱ ዘመን አቆጣጠር ወደ ሌላው ይዛወር ማለት ይመስለዋል፤ ወይም ዛሬ ስንት እንደ ሆነ ፕሮግራሙ ያረጋግጥ ማለት ይመስለዋል። ትክክለኛው ፍቺ፣ ማለትም «ይህን ጽሑፍ በከፈትህ ወይም ባተምህ ጊዜ ሁሉ የቀድሞው ቀን ጠፍቶ የዚያን ዕለት ቀን ይተካ» የሚለው፣ ከሦስቱ አንዱም አይደለም። ሣጥኗን ምልክት ያደረገባት ሰው የተስማማው ላላወቀው ነገር ነው።

አሠራሩን በአጭሩ እንግለጽ። በብዙ ጽሕፈት ቤቶች የሚሠራበት ማይክሮሶፍት ወርድ ቀንን በሁለት መንገድ ያስገባል። በአንደኛው መንገድ የገባው ቀን እንደ ማንኛውም ፊደል ሆኖ ይቀመጣል። በሁለተኛው መንገድ የገባው ግን ፊደል አይደለም፤ ከበስተጀርባው ትእዛዝ ያለበት ቦታ ነው፤ ትርጉሙ «መስክ» የሚለውም ይህንኑ ነው። መስክ ለእኛ የከብት መሰማሪያ ስለ ሆነ ቃሉ ለዚህ ነገር እንግዳ ነው፤ ይህን ግን ለጊዜው እንለፈው። ዋናው ነገር፣ ይኸው ፕሮግራም ለቀን የሚሆኑ አራት የተለያዩ ትእዛዞች ያሉት መሆኑ ነው። አንዱ ዛሬን፣ አንዱ ጽሑፉ የተፈጠረበትን፣ አንዱ መጨረሻ የተቀመጠበትን፣ አንዱም መጨረሻ የታተመበትን ቀን ያመለክታል። የደብዳቤ ጸሐፊ አዘውትሮ የሚያገኘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ስሙም ባጭሩ «ቀን» ነው። ሊብሬ ኦፊስ የተባለው ፕሮግራም በዚህ ረገድ የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል፤ ቋሚ የሆነውንና የሚለወጠውን ቀን በስማቸው ለያይቶ ያቀርባልና።

እንግዲህ ሕመሙ ከስያሜ መቆጠብ የመጣ ነው። አንድ «ቀን» የሚል ቃል የአራት ነገር ሸክም ተሸክሟል። አማርኛ ግን በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። «ቀን» የወሩን ቁጥር፣ «ዕለት» የሳምንቱን ተራ እንዲያመለክት አድርጎ መለየት የቆየ ልማድ ነው፤ በባሕረ ሐሳብ የዕለት ተውሳክ ሲባል ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6 እያለ እስከ ዓርብ 2 ድረስ የሚቆጠረው ለሳምንቱ ዕለታት ነው እንጂ ለወሩ ቀኖች አይደለም። የጽሕፈት ቤት ቋንቋም የራሱን ልዩነት አበጅቷል። «የተጻፈበት ቀን»፣ «ወጪ የሆነበት ቀን»፣ «የደረሰበት ቀን» የሚባሉትን መዝገብ ቤቶች ከኮምፕዩተር በፊት ለይተው ያውቋቸው ነበር። በጽሕፈት መኪና ዘመን ከራስጌው በስተቀኝ «ቁጥር» እና «ቀን» ተብሎ ነጠብጣብ ይደረግና፣ ሁለቱንም በእስክሪብቶ የሚሞላው መዝገብ ቤቱ ነበር። ቁጥሩና ቀኑ ከአንድ እጅ ይወጡ ስለ ነበር እርስ በርሳቸው ይመሰካከሩ ነበር። ዛሬ ቁጥሩ ለመዝገብ ቤቱ ቀርቶ ቀኑ ለማሽኑ ተሰጥቷል።

ስለዚህ አዲስ ቃል መፍጠር ያስፈልጋል አንልም። አንድ ጊዜ «ቁርጥ ቀን» የሚለውን አስበን ነበር። የሠርግ ቀን ተቆረጠ እንደሚባለው፣ የማይለወጥ ቀን ለማለት ያመቻል ብለን ነው። ነገር ግን «የቁርጥ ቀን» የጭንቅና የፍርድ ጊዜን የሚያመለክት የታወቀ አነጋገር ስለ ሆነ ትተነዋል። ከዚህ ይልቅ ለአራቱ ትእዛዞች «የዛሬ ቀን»፣ «የተጻፈበት ቀን»፣ «የተቀመጠበት ቀን»፣ «የታተመበት ቀን» የሚሉት ይበቃሉ። «አዘምን» በሚለው ፈንታም «በተከፈተ ቁጥር ወደ ዛሬ ቀን ለውጥ» ቢባል ይረዝማል እንጂ ማንንም አያታልልም። ስያሜ ማጠር ያለበት ትርጉሙን ይዞ እስካጠረ ድረስ ብቻ ነው።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ትእዛዙ ስም ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን ማሽኑ የሚጽፈው ቀን ራሱ የማን አቆጣጠር እንደ ሆነ ነው። ከላይ የጠቀስነው 26/02/2018 በእኛ አቆጣጠር የካቲት 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው፤ 04/06/2018 ደግሞ ግንቦት 27 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ወረቀቱ በታተመበት ዓመት ያየው ሰው 2018 የሚለውን ሲያይ የፈረንጅ እንደ ሆነ ወዲያው ያውቃል፤ ያ ዓመት በእኛ ዘንድ ገና አልደረሰም ነበርና። ነገር ግን ሰባትና ስምንት ዓመት ሲያልፍ የእኛም 2018 ይደርሳል። ያን ጊዜ ያንኑ መዝገብ የሚከፍት ሰው 26/02/2018ን ጥቅምት 26፣ 04/06/2018ን የካቲት 4 ብሎ ቢያነብ ማን ይወቅሰዋል? ያለ ዘመን ምልክት የተቀመጠ የጎርጎርዮስ ቀን ሁሉ ስምንት ዓመት ሳይሞላው የኢትዮጵያ ቀን መስሎ ይታያል። ይህ አደጋ በመዝገብ ቤቶቻችን ውስጥ በየመደርደሪያው እያደገ ያለ ነው።

የዘመን ምልክት ቢጨመርስ? እዚህ ላይ ሌላ ስሕተት እናገኛለን። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት የኢትዮጵያን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትሙ ውስጥ ካስገባ በኋላ፣ የየቋንቋውን የቀን፣ የወርና የቁጥር አጻጻፍ የያዘ መዝገብም ያሰናዳል። ፕሮግራም ሠሪዎች የአማርኛውን የወር ስም በብዛት የሚቀዱት ከዚያ ነው። በዚያ መዝገብ የጎርጎርዮስ ዓመት በአማርኛ ሲጻፍ ምልክቱ «ዓ/ም» ነው፤ ሲዘረዘርም «ዓመተ ምሕረት» ነው። ዓመተ ምሕረት ግን በኢትዮጵያ ሰው አእምሮ አንድ ትርጉም ብቻ አለው፤ እርሱም የራሳችን አቆጣጠር ነው። ነጋሪት ጋዜጣን የሚያነብ ሁሉ በአማርኛው ዓምድ የሰፈረውና በእንግሊዝኛው ዓምድ የሰፈረው ዓመት እንደሚለያዩ ያውቃል፤ ሕገ መንግሥቱ በአማርኛው ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝኛው ኦገስት 21 ቀን 1995 የሚል ቀን ይዟል። ለጎርጎርዮሱ ዓመት «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት በአማርኛ ጽሑፍ ከጸና ብዙ ዘመን ሆኖታል። ይህ ተትቶ ዓ/ም መባሉን በምንም መንገድ ልንደግፈው አንችልም።

በአንጻሩ ብዙ ሰዎች የሚነቅፉትን አንድ ነገር እኛ እንደግፋለን። ይኸው መዝገብ የፈረንጆቹን ወሮች «ጃንዩወሪ»፣ «ፌብሩወሪ»፣ «ማርች» እያለ ይጽፋቸዋል። «ጥር፣ የካቲት እያለን ይህ ምን ይባላል?» የሚል ቁጣ ደጋግመን ሰምተናል። ቁጣው ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ጃንዩወሪ 1 አዘውትሮ የሚውለው ታኅሣሥ 23 ቀን ነው። ጃንዩወሪን ጥር ብሎ መጥራት ቀኑን አማርኛ ማድረግ ሳይሆን በስምንት ቀን ማሳሳት ነው። ባዕድ ወር በባዕድ ስሙ ይጠራ፤ የጎደለው የራሳችን ወር ነው። እርሱም ቢሆን በስሌት ረገድ አልጎደለም፤ ያው የዩኒኮድ መዝገብ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከነአሥራ ሦስት ወሩ ይዞታል። ወርድ ግን ለአማርኛ ጽሑፍ በቀን ማስገቢያው የሚያቀርበው የጎርጎርዮሱን ብቻ ነው።

ይህ ክፍተት ለግል ብልሃት በር ከፍቷል። አንዳንዱ ጸሐፊ የኮምፕዩተሩን ሰዓት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ቁጥሩም ለጊዜው የእኛን ይመስላል። ማሽኑ ግን ወሩን የሚቆጥረው በራሱ ሕግ ነው። ሁለተኛውን ወር ፌብሩወሪ አድርጎ ስለሚይዘው ጥቅምት 30ን አያውቅም፤ ጳጉሜንንም ጨርሶ አያውቅም። በሰንጠረዥ ፕሮግራም ቀን የሚመዘግቡም ይህንኑ ያያሉ፤ ጥቅምት 28 እንደ ቀን ይያዝና ጥቅምት 30 ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያም መደመርና መቀነስ ይዛባል። ሌላው ብልሃተኛ የማይለወጥ ልዩነት አስልቶ ትንሽ ፕሮግራም ይሠራል። ይህም እስከ ሉቃስ መጨረሻ ያገለግላል። በሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆንና ዘመነ ዮሐንስ የሚገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን ይሆናል፤ ከዚያ እስከ የካቲት 21 ድረስ ስሌቱ በአንድ ቀን ይፋለሳል። በዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ 28 ቀን የሚከበረው በዚሁ ምክንያት እንደ ሆነ የደብር ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ፕሮግራም ሠሪው የደብሩን ተማሪ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ባልተሳሳተ ነበር፤ በ2020 መጀመሪያ ላይም ያው ይጠብቀዋል።

ለጸሐፊዎች የምንሰጠው ምክር ቀላል ነው። በደብዳቤ ላይ የሚለወጥ ቀን አይግባ። ከገባም ጽሑፉ ከመቀመጡ በፊት በቀኑ ላይ ጠቋሚውን አሳርፎ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ 9 የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ቢጫኑ ትእዛዙ ተቆርጦ ቀኑ ተራ ፊደል ይሆናል። ቀድሞ የጠፋውን ቀን ግን ይህ አይመልሰውም። ቀኑ ሲጻፍም በሰረዝ የተለያየ ቁጥር ሳይሆን የወሩ ስም በፊደል፣ ከዚያም ቁጥሩ፣ «ቀን» የሚለው ቃል፣ ዓመቱና ዓ.ም. ይግቡ። በአንዳንዱ የፕሮግራም እትም «ቀን» የሚለው ቃል በቦታው ይገኛል፤ በሌላው ይጎድላል፤ ይህን መቆጣጠር የጸሐፊው ፈንታ ነው።

ከላይ ያነሣነው የይዞታ ደብዳቤ ነገር የተፈታው በማሽን አይደለም። መዝገብ ቤቱ የወጪ ደብዳቤዎችን የሚመዘግብበት፣ ጠርዙ የተበላ አንድ ትልቅ ደብተር ነበረው። ቁጥሩ ተፈልጎ ሲገኝ በአጠገቡ «የካቲት 19 ቀን» የሚል በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎ ተገኘ። ሠራተኛው በሁለተኛው ቅጂ ላይ የማሽኑን ቀን በአንድ መስመር ሰርዞ የደብተሩን ቀን ከላይ ጻፈበት፤ ፈረመበት፤ ማኅተምም አሳረፈበት።