ሙሉ ሰውና ግማሽ ምክር
በወለጋ ከተሞች የሚታመን አማካሪ ስለ መፈለግ

ስለ አእምሮ ጤና ሲጻፍም ሆነ ሲነገር ከሁሉ በፊት የሚሰጠው ምክር «የተጨነቀ ሰው ወደ ባለሙያ ይሂድ» የሚል ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ አንቃወመውም። ሆኖም ይህ ምክር ሰውየውን እስከ ባለሙያው በር ድረስ ይሸኘዋል እንጂ ከገባ በኋላ ምን እንደሚጠብቀው አይነግረውም። በዚህ አጭር ሒስ ልንመረምር ያሰብነው ከበሩ ወዲያ ያለውን ነው፤ ይኸውም በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡ ወይም በደምቢ ዶሎ የሚኖር፣ ልቡ ወደ ተመሳሳይ ጾታ ወይም ወደ ሁለቱም ጾታዎች የሚያዘነብል ወጣት ሳይኰንነውና ሳያጋልጠው የሚሰማው አማካሪ የሚያገኘው እንዴት እንደ ሆነ ነው። ርእሱ ለአንዳንድ አንባቢ እንደማይመች እናውቃለን። ነገር ግን የማይመች በመሆኑ ብቻ ሳይጠና የቀረ ነገር ሰውን ሲጎዳ እያዩ ዝም ማለት ለተማሪ የሚገባ አይመስለንም።

ነገሩን እንድናነሣ ያደረገን አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛችን ነው። ስሙንም ከተማውንም አንጠቅስም። ይህ ልጅ አንዲት ልጃገረድ ይወድ ነበር፤ ፍቅሩም እውነተኛ ነበር። ከዚያ በፊት ግን አንድ ወንድ ወዶ ነበር፤ ያም ፍቅር ሐሰት አልነበረም። እንቅልፍ ባጣ ጊዜ አማካሪ ወደ ተባለ አንድ ሰው ሄደ። አማካሪው «ሴት መውደድ ከቻልህ ሕመሙ አልጠናብህም ማለት ነውና ቶሎ አግባ» አለው። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ወሬው ከአባቱ ጆሮ ደረሰ። ጓደኛችን ትምህርቱን አቋርጦ ከተማውን ለቆ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህም ሐኪም ቢሆን ቄስ ቢሆን አያምንም። እንግዲህ ጉዳቱ አንድ ሰው መጥፎ ምክር በመስማቱ ብቻ አላበቃም። ምክር የሚባለውን ነገር ሁሉ ከልቡ አወጣው።

ምክርን የምንመዝንበት ሚዛን ከየት እናምጣ? ከውጭ አገር ብቻ ብናመጣው «የፈረንጅ ነው» ተብሎ ይጣላል። ስለዚህ ከወለጋው ተወላጅ ከቄስ ጉዲና ቱምሳ እንጀምራለን። ቄስ ጉዲና በቦጂ ተወልደው በወጣትነታቸው በነቀምቴ ሆስፒታል የሕክምና ረዳት ሆነው የሠሩ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የሆኑ፣ በ1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን የተገደሉ ሰው ናቸው። እሳቸው ዋና ጸሐፊ በነበሩበት በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ በወንጌል ስብከትና በሰብአዊ ልማት መካከል ስላለው ግንኙነት ለውጭ አገር ረጂዎችዋ ደብዳቤ ጽፋለች። የደብዳቤው ክርክር በአጭሩ ይህ ነው፤ ሰው አንድ ስለ ሆነ የሥጋውን ፍላጎት ከነፍሱ ፍላጎት ነጥሎ መርዳት ሰውን መክፈል ነው። ደብዳቤው ስለምንናገርበት ጉዳይ አንዳች አይልም፤ ቄስ ጉዲናም ቢጠየቁ ከኛ ጋር ይስማሙ ነበር ለማለት አንደፍርም። የምንዋሰው ሚዛናቸውን እንጂ ፍርዳቸውን አይደለም። በዚህ ሚዛን ሲመዘን ጓደኛችን ያገኘው ምክር ግማሽ ምክር ነበር፤ ከሁለቱ ፍቅሮቹ አንዱን ቆርጦ ጥሎ የቀረውን ወደ ጋብቻ ላከው።

የመጀመሪያው ስሕተት በሽታ ያልሆነውን በሽታ ማለት ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ከአእምሮ ሕመሞች መዝገብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1990 ባጸደቀው የበሽታዎች መዘርዝር ውስጥ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር በሽታ ተብሎ አልተመዘገበም። «በሕክምና ይለወጣል» ለሚለው ሐሳብ ትልቅ ምስክር ሆኖ ይጠቀስ የነበረው የሮበርት ስፒትዘር ጽሑፍ ነው። ይህ ሐኪም በ1973ቱ ለውጥ ዋና ድርሻ የነበረው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2003 ግን አንዳንድ ሰዎች ተለውጠዋል የሚል ጥናት አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 ማስረጃው መደምደሚያውን እንደማይሸከም አምኖ የተጎዱትን ይቅርታ ጠየቀ። በዓመቱም በአሜሪካ በጸሎትና በምክር ዝንባሌን እንለውጣለን ይሉ ከነበሩት ማኅበራት ዋነኛው ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል በመሪው አንደበት ይቅርታ ጠይቆ ተዘጋ። እንግዲህ ዛሬ በነቀምቴ ተቀምጦ «እለውጥሃለሁ» የሚል አማካሪ ባለቤቶቹ ራሳቸው የተዉትን መድኃኒት ይሸጣል ማለት ነው። የወጣቱ እንቅልፍ ማጣት፣ ፍርሃቱና ኀዘኑ ግን እውነተኛ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ መታከምም ይገባዋል። ችግሩ አማካሪው ፍቅሩን ሊያክም ሲደክም ኀዘኑ ሳይታከም መቅረቱ ነው።

ለሁለቱም ጾታዎች የሚሳበው ሰው ደግሞ ድርብ ችግር አለበት። አንዱ አማካሪ «ግማሽህ ጤነኛ ነውና እሱን ያዝ» ይለዋል። ሌላው፣ ምንም እንኳ ቅን ልብ ቢኖረው፣ «ገና አልወሰንህም» ይለዋል። ሁለቱም አያምኑትም። አልፍሬድ ኪንሲ እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው መጽሐፍ የሰውን ዝንባሌ በሁለት ሣጥን ከመክተት ይልቅ ከ0 እስከ 6 ባለው መለኪያ የደረደረው በመካከል ያሉ ሰዎች መኖራቸውን ስላየ ነው። ስለ መለኪያው ብዙ ክርክር ቢነሣም ይህ ነጥብ ግን ጸንቶ ቆይቷል። እንዲህ ያለው ሰው ሴት በማግባቱ ልቡ አይለወጥም፤ ያለ ፍቅር ከተዳረ ደግሞ ዕዳው በምንም ያልበደለችው ሚስቱ ላይ ይወድቃል። በቤተ ሰብዋ ግፊት የምትዳር ልጃገረድ ነገር ከዚህም ይብሳል፤ የወንዱን ያህል እንኳ «ትምህርቴን ልጨርስ» ብላ ለማዘግየት ሥልጣን የላትም። የሶሲዮሎጂው ምሁር ጌትነት ታደለ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት የአዲስ አበባ ወንዶች ማንነታቸውን ለመሰወር እንዴት እንደሚደክሙና ውስጣቸው እንዴት እንደሚጨነቅ አሳይተዋል። ጥናቱ ዋጋው ትልቅ ነው። ነገር ግን የሚናገረው ስለ ዋና ከተማውና ስለ ወንዶች ነው፤ የክፍለ ሀገር ከተማና የሴት ልጅ ኑሮ ሌላ ጥናት ይጠብቃል።

ሁለተኛው ስሕተት ምስጢር ማባከን ነው። በትንሽ ከተማ ምስጢር መጠበቅ እንዴት እንደሚያስቸግር ለወለጋ ሰው መንገር አያስፈልግም። በሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ስትጠብቅ አጠገብህ የሚቀመጠው የጎረቤትህ ልጅ ነው፤ ካርድ የምታወጣው ከእናትህ ጋር ቡና የምትጠጣ ናት፤ የሚመክርህ ቄስ አባትህን ያጋባ ነው። የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚኖር ወጣት መጀመሪያ የሚያገኘው አማካሪ ነርስ፣ መምህር ወይም የሃይማኖት አባት ነው። የምስጢር ነገር በነዚህ ሰዎች እጅ ወድቋል።

ብዙዎች ለመናገራቸው ሕጉን ምክንያት ያደርጋሉ። ሕጉን ግን ማንበብ ይገባል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ድርጊት በቀላል እሥራት ይቀጣል፤ ከሱ በፊት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም እንዲሁ ያደርግ ነበር። የሚቀጣው ግን ድርጊትን እንጂ በልብ ያለን ዝንባሌ አይደለም። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን የሚያወጣን ሰው ይቀጣል። በአንቀጽ 443 ወንጀልን ባለማስታወቅ የሚያስቀጣው ደግሞ ሞት ወይም የዕድሜ ልክ እሥራት የሚያስፈርድ ወንጀል ሲሆን ነው፤ አንቀጽ 629 ከዚህ ውስጥ አይገባም። የጓደኛችንን ምስጢር ለአባቱ የነገረው አማካሪ እንግዲህ ሕግ አስገድዶት አልነበረም። በልጆች ላይ የሚፈጸም በደል ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፤ ሕጉም በአንቀጽ 631 ለይቶ ደንግጎታል። ሁለቱን አደባልቆ የሚናገር አማካሪ የሚበድለው ሁለት ወገን ነው፤ ያልበደለውን ይከሳል፣ የተበደለውንም ልጅ ከዓይን ይሰውራል።

ሦስተኛው ስሕተት በቃላት ላይ ነው። ሕጉም ስብከቱም የሚጠቀሙት ቃል «ግብረ ሰዶም» ነው፤ ኃጢአቱና ቅጣቱ በስሙ ውስጥ ተጽፈዋል። የመንገዱ ቃል ደግሞ ተራ ስድብ ነው። ወጣቱ አማካሪው ፊት ቀርቦ ስለ ራሱ አንድ ዐረፍተ ነገር ለመናገር ሲሻ ያሉት ቃላት ራሱን የሚከስባቸው ብቻ ናቸው። እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው «ዜጋ» ይባባላሉ። ቃሉ የተመረጠው ሌላ ሰው እንዳያውቀው ይሆናል፤ ሆኖም ከቃላት ሁሉ ይህን መምረጣቸው ሊያሳስበን ይገባል። ዜጋ ማለት የአገር ልጅ ማለት ነውና። ጥሩ አማካሪ ለሰውየው ስም ከመስጠቱ በፊት ራሱን በምን ስም እንደሚጠራ ይጠይቀዋል፤ የልቡን ነገር በአፉ በፈታበት ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ እንዲናገርም ይፈቅድለታል።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ስንናገር በጥንቃቄ ነው፤ እኛን ያስተማረን የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነውና ባለ ዕዳ ነን። በ2005 ዓ.ም. መካነ ኢየሱስ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ከተቀበሉት ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ኅብረት አቋርጣለች። ስለ ጋብቻ ትምህርት የመወሰን መብት የራስዋ ነው፤ እዚህ አንከራከርበትም። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ማንን እናጋባ የሚለው ጥያቄ ተመለሰ ማለት፣ በሌሊት በር የሚያንኳኳውን ልጅ ምን እንበለው የሚለው ጥያቄ ተመለሰ ማለት አይደለም። ለዚህኛው ሙሉውን ሰው ማየት ያስፈልጋል።

የውጭውንም መጽሐፍ ሳንተች ብናልፈው ሚዛናችን ይዛባል። በምዕራቡ ዓለም የተጻፉ አንዳንድ የምክር መጻሕፍት ሰውየው ማንነቱን ለቤተ ሰቡ መግለጡን እንደ ፈውስ ይቈጥሩታል። ይህ ምክር በስቶክሆልም መልካም ሊሆን ይችላል፤ በጊምቢ ግን ቤት አልባ ሊያደርግ ይችላል። ተቀባይ አማካሪ ማለት ሰውየውን አደባባይ የሚያወጣ ማለት አይደለም። ፍቅሩን ሕመም ሳይል፣ ለመለወጥም ሳይሞክር፣ መቼ ለማን መናገር እንዳለበት ወይም እንደሌለበት ከሱ ጋር የሚያስብ ማለት ነው። ከሩቅ በስልክ የሚሰጥ ምክርም ለብዙዎች ተስፋ ሆኗል፤ በሚገባ እንደግፈዋለን። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበር አንረሳም። በስልክ ብቻ የቆመ እርዳታ ስልኩ ሲቋረጥ አብሮ ይቋረጣል፤ ስለዚህ በቅርብ ሰው ያስፈልጋል።

በነቀምቴ «እንዲህ ያሉትን እቀበላለሁ» የሚል ሰሌዳ የለጠፈ አማካሪ አንጠብቅም። ፈላጊው በሌላ መንገድ መመዘን አለበት። በመጀመሪያ ስለ ራሱ ሳይናገር ስለ ምስጢር ይጠይቅ፤ «የምነግርዎን የሚያነብ ማነው? መዝገቡ የት ይቀመጣል? ለወላጅ የሚነግሩት መቼ ነው?» ይበል። ቅር የሚለው አማካሪ መልሱን ሰጥቷል። ቀጥሎ እንቅልፉንና ኀዘኑን ይንገር፤ አማካሪው ሳይጣደፍ ይሰማ እንደ ሆነ ይይ። ከዚያም ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ አድርጎ አሳቡን ይፈትን። ጋብቻን መድኃኒት አድርጎ የሚያዝ፣ ለውጥን ተስፋ የሚሰጥ ወይም የማይጠየቀውን የሚጠይቅ ከሆነ አመስግኖ ይውጣ። ወደ ኋላ መመለስ ሽንፈት አይደለም።

የቀረው ሸክም ግን በፈላጊው ላይ ሊጣል አይገባም። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የወለጋ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ሥነ ልቡናና ነርስነት በሚማሩባቸው ኮሌጆች ሁሉ መምህራኖቻችን ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እንለምናለን፤ ከ1973 ወዲህ የተለወጠውን ዕውቀት እንዲያስተምሩ፣ አንቀጽ 399ን ተማሪው ከመመረቁ በፊት እንዲያስነብቡ፣ ለምክር ክፍሎችም የሚዘጋ በርና የሚቈለፍ ሣጥን እንዲኖራቸው እንዲጠይቁ። ይህን ለማድረግ የሕግ ለውጥ መጠበቅ አያሻም፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ጓደኛችን የሄደበት አማካሪ ከሦስቱ አንዱን እንኳ ጠብቆ ቢሆን ኖሮ፣ ምናልባት ዛሬ ይህን ጽሑፍ ከኛ ጋር ተቀምጦ ያርም ነበር።