የሃምሳ ደቂቃ ኦክስጅን

ተራ ስረከብ መጀመሪያ የማየው ጌጁን ነው። ሹፌሩ ጎማና ነዳጅ ያያል፤ እኔ ሲሊንደሩን ከፍቼ መርፌዋ የት እንደቆመች አያለሁ። ሒሳቡ የልጆች ሒሳብ ነው፤ የሲሊንደሩ ይዘት በሊትር፣ ሲባዛ በግፊቱ። 5 ሊትር የሚይዘው ትንሹ ሲሊንደር ጌጁ 100 ባር ላይ ከቆመ ውስጡ 500 ሊትር ኦክስጅን አለ። በደቂቃ 10 ሊትር ከሰጠሁ ሃምሳ ደቂቃ ነው። ለክፉ ቀን አስሩን ቀንሼ አርባ እላለሁ። ይህን ቁጥር ለአስታማሚ አልናገርም፤ ለሹፌሩ ግን ሁልጊዜ እነግረዋለሁ። በተለይ መኪናው ውስጥ የሚታሰረው ትልቁ ሲሊንደር ለሙሌት በሄደበት ቀን «አርባ አለን» ስለው ሳቁን ያቆማል።

አምቡላንስ ላይ ከመሥራቴ በፊት የአንድ መንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነበርኩ። ሰው ስለ ሥራዬ ሲያነሳ የሚጠይቀኝ ስለ ፍጥነት ነው፤ ስለ ሳይረኑ፣ ስለ ቀይ መብራቱ። ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ሳር ቤት አደባባይ የቆመ ሰው ግን ፍጥነት እንደሌለን ያውቃል። ያለን ደቂቃ መቁጠር ነው፤ የት እንደሚባክን፣ ከየት እንደሚቆጠብ ማወቅ።

የመጀመሪያው የሚባክነው ስልኩ ላይ ነው። የከተማው የእሳትና አደጋ ኮሚሽን 939፣ ቀይ መስቀል 907፣ በክፍያ የሚሠራው ጠብታ አምቡላንስ 8035፣ ፖሊስ ደግሞ 991 ነው። በደህና ቀን እነዚህን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ክፉ ቀን ሲመጣ አብዛኛው ሰው ጎረቤት ጠርቶ ታክሲ ፍለጋ ይሮጣል፤ አልፈርድበትም።

ስልኩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ «የት ናችሁ?» አለ። አዲስ አበባ በቤት ቁጥር አይኬድባትም። «ከወፍጮ ቤቱ ገባ ብሎ»፣ «ድሮ ኬላው የነበረበት»፣ «እዚህ ኮብልስቶኑ ጋ» ነው መልሱ። ስለዚህ ቤታቸውን መጠየቅ ትቻለሁ። «አስፋልቱ ላይ ወጥቶ የሚጠብቀን ማን ነው? ምን ለብሷል?» እላለሁ። ጥያቄዋ መንገድ ታሳጥራለች፤ ቤት ውስጥ ከሚተራመሰው ሰው መሀል ደግሞ አንዱን ሥራ ሰጥታ ታስወጣልኛለች። ቀጥዬ «ሲያወሩ ንግግራቸውን ይጨርሳሉ ወይስ ሁለት ቃል ላይ ያቋርጣሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። «መተንፈስ አቃታቸው» ሁሉም የሚለው ነገር ነው። ሁለት ቃል ላይ የሚያቋርጥ ሰው ግን የትኛውን ማስክ ይዤ ደረጃ እንደምወጣ ይነግረኛል።

ትልቁ ሲሊንደር ለሙሌት በሄደበት አንድ ማታ፣ ትንሹ 100 ላይ ቆሞ ሳለ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ተጠራን። ሊፍት የለም፤ ስትሬቸራችን ደረጃው መታጠፊያ ላይ እንደማይዞር ከድሮ ስለምናውቅ ታች ትተነው ወጣን። ልባቸው የደከመ እናት ናቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለዋል። ልጃቸው ልታስተኛቸው ትታገላለች። «ተያቸው የኔ እህት፣ እንደተቀመጡ ይሁኑ» አልኳት። ሳንባው ውሃ የያዘ ሰው ሲጋደም ይብስበታል። ጣታቸው ላይ መለኪያውን ሳደርግ 78 አለ።

«ልጄ፣ ታፈንኩ» አሉኝ። ከዚህ በላይ አልቻሉም።

የታፈነ ሰው ማስክ ሲቀርብበት ይገፋል፤ አየር ላጣ ሰው አፍ የሚሸፍን ነገር ጠላት ነው። ማስኩን በግድ አላደርግም። «እማማ፣ ራስዎ ይያዙት» ብዬ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። ንፋሱ ፊታቸውን ሲነካቸው ራሳቸው አስጠጉት፤ ላስቲኩን ያኔ ነው ያጠለቅኩት።

የጎረቤት ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ በነጠላ ደረታቸውን ከወንበሩ ጋር አስረን አወረድናቸው። ለዚሁ የተሠራ ተጣጣፊ ወንበር በዓለም ላይ እንዳለ አውቃለሁ። ሁለት ጎረምሶች ከታች፣ ሹፌራችንና አንድ ጎረቤት ከላይ፣ እኔ ሲሊንደሩን እንደ ሕፃን ታቅፌ ከጎን። ለተሸካሚ «ቀስ በሉ» አይባልም፤ ቀስ ማለት ለአራት ሰው አራት ዓይነት ነው። «አንድ ደረጃ፣ ቁም። አንድ ደረጃ፣ ቁም» እያልኩ ቆጠርኩላቸው። ገጠር ወሳንሳ የተሸከመ ሰው ይህን ማንም አያስተምረውም። እዚያ በሽተኛ የሚሸከም ማኅበር አለ፣ ተሸካሚው በተራ ይፈራረቃል። ኮንዶሚኒየምም እድር አያጣም፤ ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስት አለው። ቃሬዛ የገዛ እድር ግን እስካሁን አላየሁም።

ታች ስንደርስ አሥር ደቂቃ ሄዷል፤ 400 ሊትር ቀርቶናል። ኦክስጅኑም ቀና ብሎ መቀመጡም ረድቷቸው መለኪያው 93 ላይ ወጣ። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል። ከረጢት ያለው ማስክ ከ10 ሊትር በታች ሲሰጠው ከረጢቱ ይሟሽሻል፤ በሽተኛው የራሱን የተቃጠለ አየር መልሶ ይስበዋል። ስለዚህ ኦክስጅን ለመቆጠብ ቁልፉን ብቻ መቀነስ አይቻልም፤ ማስኩ ራሱ መቀየር አለበት። ከረጢት ወደሌለው ማስክ ቀየርኩና 6 ሊትር ላይ አደረግኩት። እየሄድን መለኪያውን አምስት ደቂቃ አፍጥጬ አየሁት፤ አልወረደም። 400 ለ6 ሲካፈል ስልሳ ስድስት። «ስንት?» አለኝ ሹፌሩ በመስታወቱ። «ሃምሳ ስድስት» አልኩት። በመካኒሳ፣ በሳር ቤት አድርገን፣ ከመኪና መኪና እየለመንን ሠላሳ ደቂቃ ፈጀን። የሆስፒታሉ በር ላይ ጌጁ 44 ነበር።

«አልጋ የለም ሲስተር» አለችኝ በሩ ላይ ያለችው ነርስ።

መንገድ ላይ ሆኜ አልጋ ለሚከታተለው የሆስፒታሉ ሊያዞን ደውዬ ነበር። እሱም የነገረኝ ይህንኑ ነው፤ የደወልኩለት ሌላ ሆስፒታልም እንዲሁ።

ይህን ቃል እኔም ብዙ ሌሊት ተናግሬዋለሁ። ውጭ ለቆመ ሰው ጭካኔ ይመስላል፤ ፍራሽ አንጥፎ ማስተኛት የማይቻል ያህል። አልጋ የሚባለው ግን ፍራሹ አይደለም፤ የኦክስጅን መስመሩ ነው፣ የምትከታተለው ነርስ ናት። ድንገተኛ ክፍል አልጋ የሚያጣው ደግሞ ከላይ ያለው ዋርድ ስለሞላ ነው። ዋርዱ የሚሞላው የዳነው ሰው ስላልወጣ ነው፤ ወይ የሚወስደው ዘመድ የለው፣ ወይ ሒሳቡ አልተዘጋ። ሰንሰለቱ ከላይ ተጎትቶ ጫፉ በር ላይ፣ እኔ እጅ ላይ ያልቃል። አዋላጆች ሲማሩ ስለ ሦስቱ መዘግየቶች ይማራሉ፤ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት ነው። ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን ለማግኘት መዘግየት። የወረዳ አምቡላንሶች የተገዙት ሁለተኛውን ለማሳጠር ነበር። እኔ ከተማ ውስጥ የምሠራበት ሌሊት ግን አብዛኛው ሦስተኛው ላይ ያልቃል። ሀብታሙም አገር ከዚህ አላመለጠም፤ እንግሊዝ ውስጥ አምቡላንስ በሽተኛውን በ15 ደቂቃ አስረክቦ ይውጣ ይባላል፣ የብርዱ ወራት ሲገባ ግን አምቡላንሶቹ ደጅ ላይ ይሰለፋሉ።

ስለዚህ በር ላይ ስደርስ አልጋ አልጠይቅም። «አልጋ አልጠየቅኩሽም፤ የኦክስጅን መስመር ስጪኝ፣ በኔ ስትሬቸር ላይ ይቆያሉ» አልኳት። ነርሷ ደክሟታል፤ ከኋላዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ግሉኮስ የተሰካላቸው ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። «ብርቱካን ናቸው፤ ስንነሳ ቀይ ነበሩ» ስላት ቀና አለች። ማን ቅድሚያ እንደሚያገኝ ለሚለየው ለዚህ የቀለም ቋንቋ አመስጋኝ ነኝ። ጥቁር አንበሳ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ሙያው ገና ልጅ ነው። በኋላም ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለአደጋ ብቻ የቆመ «አቤት» የሚባል ሆስፒታል ተከፈተ። ስሙ የእንግሊዝኛው ምሕጻረ ቃል ነው፤ ግን ለተጠራም ለተበደለም አቤት ማለት ይህ አይደል? ቀይ፣ ብርቱካን፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ማለት ሳንለምድ በፊት በር ላይ የሚያሸንፈው ጮክ ብሎ ያለቀሰ አስታማሚ ነበር።

መስመሩ እስኪለቀቅ አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ጌጁ 32 ላይ ወረደ።

በተጨናነቀ ክፍል በአፍ የተነገረ ነገር ይጠፋል። የምትሰማኝ ነርስ ስታዳምጠኝ እንኳ ሌላ ሰው ይጠራታል፤ ተራ ቀይራ ስትሄድም የነገርኳት ሁሉ አብሯት ይሄዳል። ስለዚህ ነጭ ፕላስተር ቆርጬ እጽፋለሁ፤ «78 ነበር። ማስክ 6 ሊትር፣ 93። አይተኙም። 2:40»። የበሽተኛው ደረት ላይ፣ ልብሱ ላይ እለጥፈዋለሁ። ወረቀት ካርድ ክፍል ይቀራል፣ ፕላስተር አይቀርም።

ከዚያ ውጭ ቆምን። ስትሬቸር የሌለው አምቡላንስ ሳይረን ያለው ሚኒባስ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ምጥ የያዛት ሴት አለች ተብሎ ተደወለልን፤ ሌላ መኪና ይፈለግላት አልን። ተገኘላት አልተገኘላት አላወቅኩም። ሥራችን ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ያልሄድንበት ጥሪ መጨረሻው አይነገረንም።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ አልጋ ተገኘ ተብለን ገባን። እማማ ቀና እንዳሉ አንቀላፍተዋል። ፕላስተሩ እንደተለጠፈ ነው፤ ከኔ ጽሑፍ ሥር በሌላ እጅ «5 ሊትር፣ 95። ሸንተዋል። 5:10» ተጨምሮበታል። የጻፈችውን ፈልጌ ላመሰግናት ነበር፤ ተራዋ አልቆ ሄዳለች። ልጃቸው ስትሬቸሩን ስንስበው «ሲስተር፣ ትሄዳላችሁ እንዴ?» አለችኝ።

ስትሬቸሩን በበረኪና ጠርገን ሳንጨርስ ስልኩ ጠራ፤ ጦር ኃይሎች አካባቢ አስም ነው። ሲሊንደር የሚሞላልን ቦታ የሚከፈተው ጠዋት ነው። ሹፌሩ ሞተር እያስነሳ «ስንት አለን?» አለኝ።

32 በ5፣ 160። ለ10 ሲካፈል።

«አሥራ ስድስት» አልኩት። አስሩን አልቀነስኩም።