«እሺ» ማለት «ገብቶኛል» አይደለም፦ ፍቺ፣ ሽማግሌና ያልተቆጠረው ፔንሲያ

አክስቴና ባሏ ሲለያዩ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቂርያት ሃዮቨል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሳሎን ውስጥ አራት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ቡና ተፈላ፤ ማታ ነገሩ አለቀ። መኪናው ለእሱ፣ ቤቱ ልጆቹ እስኪያድጉ ለእሷና ለልጆቹ፣ እሱም በየወሩ ለልጆቹ ይሰጣል። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተዋረደም። እንዲህ ያለ ሳሎን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ዛሬ ያንን ማታ መለስ ብዬ ሳስበው የሚከነክነኝ የተባለው ሳይሆን ያልተባለው ነው። ሰውየው ለዓመታት በቋሚነት ሠርቷል፤ በስሙ የተጠራቀመ ፔንሲያ ነበረው። ቃሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሳም።

ለምን? ሽማግሌዎቹ ስላዳሉ አይደለም። እነሱ በለመዱት ዓለም ንብረት የሚታይ ነገር ነው፦ ከብት፣ እህል፣ ቤት። የእስራኤል ሕግ ግን የማይታየውንም ይቆጥራል። የ1973ቱ የባልና ሚስት የንብረት ግንኙነት ሕግ «ኢዙን ማሽአቢም» የሚለው ዕቃ መከፋፈልን አይደለም፤ በጋብቻ ዘመን የተገኘውን ሁሉ ዋጋ ደምሮ ማመጣጠን ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ውርስና ስጦታ ይወጣሉ፤ ፔንሲያ፣ ፒጹዪም፣ ቁጠባ ይገባሉ። ጣቡ ላይ የማን ስም እንደተጻፈ ብቻውን ነገሩን አይቆርጠውም። ሕጉ የሚሠራው ከ1974 መጀመሪያ ወዲህ ለተጋቡ ነው፤ ከዚያ በፊት ለተጋቡት ፍርድ ቤቶች በጋራ ንብረትነት ግምት ይሠራሉ። ፔንሲያ ደግሞ የባለሥልጣን ነገር ብቻ አይደለም፤ ከ2008 ጀምሮ ለተቀጣሪ ሁሉ ግዴታ ስለሆነ ጽዳት የምትሠራውም፣ ጥበቃ የሚሠራውም አላቸው። በ2014 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ የተፋታች ሚስት ድርሻዋን በቀጥታ ከፔንሲያ ድርጅቱ እንድታገኝ መንገድ ከፍቷል፤ ፍርድ ካላት ማለት ነው።

ይሄ ለምን ያን ያህል ከባድ ሆነ? በሃይማኖታዊው ሕግ ባል ሚስቱን የመቀለብ ግዴታ ያለበት በጋብቻ ውስጥ ነው። ጌት ከተሰጠ በኋላ ለራሷ የሚቆረጥላት መዞኖት የለም፤ የሚቀረው የልጆቹ ነው። ስለዚህ ለአንዲት የሃምሳ ዓመት ሴት የእርጅናዋ ዋስትና በዚያች የንብረት ስሌት ውስጥ ነው ያለው። ከስሌቱ ፔንሲያ ከወጣ የእርጅናዋ እንጀራ ወጣ ማለት ነው።

«እንግዲያው ሽማግሌ ይቅር» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። አልስማማም። ወላጆቻችን ሽማግሌ ሲጠሩ ሕግ እየሸሹ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ራሱ ፍቺን የሰጠው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት የተመለሰው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ያኔ ብዙዎቹ ወላጆቻችን እዚህ ነበሩ። የሽማግሌ ቃል ፍርድ የሆነበትን አገር ይዘው መጡ። እዚህ ግን ጌት በ1953ቱ ሕግ የራባኒው ቤት ዲን ብቻ ነው፤ የንብረት ስምምነትም በቤት ዲን ወይም በቤተሰብ ፍርድ ቤት ካልጸደቀ በመርሕ ደረጃ አይጸናም። የልጆች መዞኖትም እንደዚያው ነው። አባት ባይከፍል፣ በ1972ቱ ሕግ ቢቱዋኽ ለዑሚ እንደ እናትየው ገቢ ተመልክቶ ይከፍላትና ከእሱ ያስመልሳል፤ ግን በእጇ ፍርድ መኖር አለበት። «አይዞሽ፣ ይሰጥሻል» የሚለውን ቃል ይዞ መስኮቱ ላይ መቆም ዋጋ የለውም።

የእኔ ትችት ያለው እዚህ ማጽደቂያው ላይ ነው። ሕጉ ዳኛው ሁለቱም በነጻ ፈቃድ፣ ትርጉሙንና ውጤቱን ተረድተው መፈረማቸውን እንዲያረጋግጥ ያዛል። በጣም ጥሩ ሕግ ነው። የአክስቴ ስምምነት በዕብራይስጥ ተጽፎ ሲቀርብ ዳኛው ጠየቋት፣ «ሄቫንት?»። እኔ ወደ እሷ ዞሬ «ገብቶሻል ወይ ይሉሻል» አልኳት። «እሺ» አለች። እኔም ለዳኛው «ኬን» አልኩ።

«እሺ» ግን «ገብቶኛል» አይደለም። «እሺ» በትልቅ ሰው ፊት የሚባል አክብሮት ነው። ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ከዚህ በኋላ አንዱ ከሌላው ምንም እንደማይጠይቁ የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። እሱን አልተረጎምኩላትም፤ የተለመደ ማሰሪያ መስሎኝ ነበር። ፔንሲያው የሄደው በዚያች መስመር ነው። ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

ሕጉ እኩል ነው፤ እኩልነቱ ግን ሁሉም በገባው ልክ ብቻ ነው የሚሠራው። መረዳትን በአንድ «ኬን»፣ ያውም በዘመድ ልጅ አፍ፣ የሚለካ ችሎት የሕጉን ፊደል ጠብቆ መንፈሱን ይጥላል። ዳኛ «ገብቶሻል?» ከማለት ይልቅ «ምን እንደፈረምሽ በራስሽ አፍ ንገሪኝ» ቢል፣ በሠለጠነ አስተርጓሚም ቢሰማ፣ ያን ቀን አክስቴ ዝም ትል ነበር፤ ዝምታዋም ያድናት ነበር።

ሽማግሌዎቻችንም ቡናው ከመፈላቱ በፊት የሁለቱንም ትሉሽና የፔንሲያ ወረቀት ያስመጡ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚሉን እነሱው አይደሉ?

እኛስ? ለእናቶቻችን ማስተርጎም ያደግንበት ሥራ ነው፤ ከደብዳቤ እስከ ሐኪም ቤት። ይሄኛውን ግን «አልችልም፣ አስተርጓሚ ይምጣ» ማለት ድፍረት አይደለም። እኔ ያን ቀን ብል ኖሮ ነውር የሚሆን መስሎኝ ነበር። አክስቴ ዛሬም ደረጃ ትጠርጋለች፤ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም።